ሙት በዓል የለውም

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መንገድ፣ በየከተማው የሰውን ፍርሃት የሚለቅም አንድ ሰው አይታጣም። ለቅሶ ቤት ይገባል፤ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላል፤ ንፍሮውን ይዘግናል። ከዚያ ወደ ሟች የቅርብ ዘመድ ጠጋ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል ምን አየሁ አሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን የሚጠይቀው ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ ካህንም አይደለም። ደራሲ ነው።

የፍኖተ ሰላሙ ክቡር ደራሲ ባምላኩ ይባላል። መንግሥት የሚያውቀው የከብት ክትባት ሠራተኛ አድርጎ ነው። እሱ ግን ራሱን የሚያውቀው «የጨለማው ዓለም መዝጋቢ» አድርጎ ነው፤ በየታሪኩ መጨረሻ ላይ የሚፈርመውም እንደዚያ ነው። ታሪኮቹን አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ዩቲዩብ ላይ በጎርናና ድምፅ ይተርካቸዋል፤ ከበስተኋላም ጉጉት ያስጮህባቸዋል። ሕዝበ ክርስቲያኑም ተሸፋፍኖ ይሰማል። «ይኸን ሁሉ ከየት ያመጣዋል?» ይባባላል።

ከየት እንደሚያመጣው የምታውቀው አንዲት ሰው ነበረች። አምለሰት ከመነኸሪያው ፊት ለፊት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ በገበያ ቀን ደግሞ ከገጠር ለሚመጣው ሰው ሚሞሪ ላይ መዝሙርና ትረካ ትጭናለች። የባምላኩን እጅ ጽሑፍ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በኮምፒውተር የጻፈችለት እሷ ናት። ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው አመድ ስለሆነ ከእሷ በቀር የሚያነበው የለም፤ አንዳንዴ እሱ ራሱም አያነበውም። ሰዎች «እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!» ሲሏት፣ «ጭንቅላቱ አይደለም፣ ጆሮው ነው» ትላለች።

አንድ ጊዜ ደብተሩን ይዞ ጠበል ቦታ ገባ። አንዲት ሴት ላይ ያደረ መንፈስ ስሙንና የመጣበትን መንገድ እየጮኸ ሲናገር፣ ባምላኩ ከፊት ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። መፍጠኑ አልመቸውም። «እስቲ ቀስ በል፤ ከየት ወንዝ ነው ያልኸው?» አለው። ሁለት ሱባኤ ሙሉ ሲለፈልፍ የከረመ መንፈስ ጸጥ አለ። አጥማቂው አባት ግን ደስ አላላቸውም፤ «ልጄ፣ አንተ እያለህ አይጮህም፤ ካልጮኸ ደግሞ አይወጣም» ብለው በመቋሚያቸው እየመሩ ከበር አደረሱት።

መቃብር ቆፋሪዎችን ጠላ ይጋብዛል። ከብት ሊከትብ ገጠር ሲወጣ በአንድ እጁ መርፌ፣ በሌላው እስክሪብቶ ነው። «ይች ላም ከመሞቷ በፊት ወዴት ታይ ነበር?» ይላል። ገበሬው «ኧረ ጋሼ፣ አባ ሰንጋ ነው እንጂ» ሲለው ቅር ይለዋል፤ በሽታ ለታሪክ አይሆንማ። የገዛ አማቱ ትኩሳት ይዟቸው ሲቃዡ፣ ሚስቱ ሥርጉት ሐኪም ፍለጋ ስትሮጥ እሱ ወረቀት ፍለጋ ሮጠ። አማቱ ድነዋል፤ ሥርጉት ግን እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

ሲወቀስ መልሱ አንድ ነው። «እኔ አልፈጥርም፤ እኔ መዝጋቢ ነኝ» ይላል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

እውነት ለመናገር ግን ሰውን አስገድዶ አያናግርም። ይቀመጣል፤ ዓይኑን ከዓይንህ አይነቅልም፤ ስልኩ ቢጮህ አያነሣም። ሰው ደግሞ ሆዱን የሚያዳምጥለት ካገኘ የማይናገረው የለም። አምለሰትም የተሸነፈችው በዚሁ ነው።

ክረምቱ ገብቶ፣ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶ፣ ባምላኩ ገጠር መውጣት ያልቻለበት ሐምሌ ነበር። ጎተራው ተራቆተ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ እጁን እየመጣ ከሱቋ አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ጭቃውን ያያል። የአዲስ አበባው ልጅ ሁለት ጊዜ ደውሎለት በሁለተኛው ተቆጥቶታል። አምለሰት አዘነችለት። ሰው የሚጎዳው አንዳንዴ በክፋት ሳይሆን በእንዲህ ያለች አዘኔታ ነው።

«ጋሼ፣ የእናቴን ነገር ነግሬህ አላውቅም አይደል?» አለችው።

ደረሰ የሚባለው አባቷ የሞተው ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ማሳው ገና ሳይታረስ ነው። የነበራቸው በሬ አንድ ነው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር እየቀናጀ በተራ ያርሳል፤ መቀናጆ ይሉታል። ባል ሲሞት መቀናጆውም ቀረ። እናቷ ባንቺአየሁ በሬዋን ይዛ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ማሳዋን እያየች ተቀመጠች። አምለሰት ያኔ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማር ነበር፤ እህቷ ሠርክአዲስ የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ያ ማሳ ጦም ቢያድር የአምለሰት ትምህርት ያከትም ነበር፤ ምናልባት ቤቱም ይፈታ ነበር።

ሰኔ ሚካኤል ዋለ። መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ባንቺአየሁ ከንግሡ ስትመለስ በሬዋ በራፉ ላይ ታስሯል፤ ላብ አጥምቆታል፤ ጫንቃው ላይ የቀንበር ምልክት አለ። ወደ ማሳው ወረደች። ከዳር እስከ ዳር ታርሷል። በሰኔ ሚካኤል! በዚያ አገር በሰኔ ሚካኤል ሞፈር የሚጨብጥ ክርስቲያን የለም፤ በዓል የሻረ በረዶ ይጠራል። ባንቺአየሁ ከትልሙ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያም ገባት። ሙት በዓል የለውም። ባሏ ልጆቹ ጦም እንዳያድሩ መጥቶ አርሶ ተመልሷል። ይህንን ከሁለት ልጆቿ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም። ጤፉን ስትዘራው፣ ስታጭደው፣ ሲጋገር እንኳ «የአባታችሁ እጅ ያለበት ነው» ትል ነበር።

አምለሰት ተናግራ ስትጨርስ የባምላኩ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ወዲያው ግን እጁ ወደ ኪሱ ገባ።

«አንቺ ልጅ! ይኸን ይዘሽ ነው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ጋኔን ስትጽፊ የኖርሽው?»

በሳምንቱ ታሪኩን ይዞ መጣ። በዚህ ታሪክ ባል መጥቶ አርሶ አይሄድም። ሚስቲቱ ከጠንቋይ ያመጣችውን ክታብ ከቀንበር ሥር ትቀብራለች። ሙቱ ይነሣል፤ ሌላ በሬ ስለሌለ ራሱ ከበሬው ጎን በቀንበሩ ይገባል፤ ሚስቲቱም ጅራፍ ይዛ ባሏን ትነዳዋለች። ከዚያ ማሳ እህል የበላ ሁሉ ሲተኛ አንገቱን ይከብደዋል። አምለሰት ስትጽፈው ጀርባዋን በረዳት። ማፈር ነበረባት፤ ነገር ግን የእናቷ ነገር እንዲህ አስፈሪና ውብ ሲሆን ስታይ፣ ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል፣ ኮራች።

ሁለቱም ሞኞች አልነበሩም። ተጠነቀቁ። የባልን ስም ለወጡ፤ የሚስትን ስም ለወጡ። አገሩን ከሊበን ወዲያ ማዶ ወሰዱት። ሰኔ ሚካኤልን ሐምሌ ሥላሴ አደረጉት። አንዷን ሴት ልጅ ወንድ አደረጉ፤ ሌላዋን ጨርሰው ሰረዟት። «እንግዲህ የወለደቻቸው ብትሰማም አታውቃቸው» አለ ባምላኩ፣ እጁን እያፋተገ።

በሬውን ግን ረሱት። ዳለቻ፣ ግራ ቀንዱ ቁልቁል ወደ ዓይኑ የታጠፈ፣ ሲራመድ የሚያነክስ የሚመስል ግን የማያነክስ በሬ እንዳለ ተቀመጠ። ሁለቱም የገበሬ ልጆች ሆነው፣ አንዱ እንዲያውም በከብት እንጀራ የሚበላ ሆኖ፣ በዚያ አገር የሰው መልክ ቢረሳ የበሬ መልክ እንደማይረሳ አላሰቡም። ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ የሚባለው ለበሬ ነበር፤ እዚህ ግን ገደል የገቡት ሁለቱ ናቸው።

ታሪኩ በመስከረም ወጣና አገር አዳረሰ። የቅዳሜ ገበያተኛ «ያችን የሙት እርሻዋን» እያለ ሲሰለፍ፣ አምለሰት በገዛ እጇ በየሚሞሪው ጫነችላቸው።

በዚያው ሰሞን ሠርክአዲስ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ተስፋው ይባላል፤ ቡሬ ከተማ የሚኖሩት የአያ ገነነ ልጅ ነው። አያ ገነነ ቀድሞ የእነ አምለሰት ጎረቤት ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ሊያስተምሩ ነው ቡሬ የገቡት። ሽማግሌ የላኩትም፣ ቀን የቆረጡትም፣ «ይች ልጅ ኸቤቴ ካልገባች» ብለው ሙጥኝ ያሉትም እሳቸው ነበሩ። ሠርጉ ለጥር ተባለ። ሠርክአዲስ ቀሚሷን አሰፍታ ጨርሳለች።

ኅዳር ላይ የአያ ገነነ ሚስት ታሪኩን ከልጃቸው ስልክ ሰሙ። ጉጉቷ ጮኸች፤ ሙቱ ተነሣ፤ እሳቸው እንደሌላው ሰው እያማተቡ አዳመጡ። በሬው ሲገባ ግን እጃቸው ግንባራቸው ላይ ቀረ። ያን በሬ ያውቁታል። ከእሳቸው በሬ ጋር ሦስት ዓመት የተቀናጀ የሟቹ የደረሰ በሬ ነው። ደረሰ በሞተበት ሰኔ የሚስቱ ማሳ አራሽ ሳይታይ ታርሶ መገኘቱም ትዝ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ሐምሌ ሥላሴ የቱ ሚካኤል እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በማግስቱ መልእክት መጣ፦ ሙት ባረሰው እህል ያደገች ልጅ ከቤቴ አትገባም።

ባንቺአየሁ ነገሩ ሲነገራት መጀመሪያ አልገባትም። «ማን ነው የነገራቸው?» አለች። አምለሰት አንገቷን ደፋች። እናቷ ሌላ አልጠየቀችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓዳ ገባች። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሠርክአዲስ ግን ተቆጣች። «ሰው በሰው ምቀኝነት ይቀራል፤ እኔ በበሬ ቀረሁ!» ብላ ቀሚሱን ከሳጥን ሥር ወረወረችው።

አምለሰት ሱቋን ዘግታ ባምላኩ ቤት ሄደች፤ ያለ የሌለ አፏን ከፍታበት ስታበቃ፣ ሥርጉት ከጓዳ ሆና «እሰይ!» አለች። ባምላኩ አልተከራከረም። ኮቱን ለበሰ። «ነገ ቡሬ እሄዳለሁ» አለ።

ሄዱ፤ ሁለት ሽማግሌ፣ አምለሰትና ባምላኩ። አያ ገነነ ቤት ሰው ተሰብስቦ ነበር። ባምላኩ ተነሥቶ ቆመ። ይህ ሰው የሚኮራበት ነገር ቢኖር አለመፍጠሩ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ «እኔ መዝጋቢ ነኝ» ብሎ የኖረ ነው። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሙን በእጁ ቀበረው።

«ፈጠርሁት» አለ። «ከራሴ ነው። አንድም እውነት የለበትም። እኔ ውሸታም ነኝ፤ እንጀራዬ ውሸት ነው።»

ነገሩ ሊሰምር ትንሽ ቀርቶት ነበር። የአያ ገነነ ሚስት ግን ረጋ ብለው፣ በክብር፣ ጠየቁት።

«በሬውንስ ጌታዬ? በሬውንም እርስዎ ፈጠሩት?»

ባምላኩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አያ ገነነ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ከመሬት ዓይናቸውን አላነሡም። አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰው ሁሉ ዞረ፤ እሳቸው ግን «እንግዲህ የእናት ቃል ነው፤ ይቆይ» አሉና አበቁ። በአገራችን «ይቆይ» ማለት ቀረ ማለት ነው።

ሽማግሎቹና ባምላኩ ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ይዘው፣ አምለሰት ውኃ ልትገዛ ስትወርድ፣ አያ ገነነ ከመነኸሪያው በር ዘንግ ተደግፈው ቆመው አየቻቸው። ተከትለው መጥተዋል።

«ልጄ፣ ያ ሙት እኔ ነኝ» አሏት።

አልገባትም።

«ሞፈሩን የያዝሁት እኔ ነኝ። ኸአባትሽ ጋራ መቀናጆ አልነበርን? ሲሞት ላርስላት ብል ሚስቴ ‹ኸባልቴት ማሳ ምን ትሠራለህ› ብላ ቤቱን አመሰችው፤ ሰውም ማማት ጀመረ። ዝናቡ ደግሞ አይጠብቅ። ሚስቴም ሰዉም ቤተ ክርስቲያን የሚውልበት ቀን አንድ ብቻ ነበር።»

«ሰኔ ሚካኤል» አለች አምለሰት።

«ሰኔ ሚካኤል። ሁለቱን በሬ አቀናጅቼ አረስሁት፤ በሬዋን ኸበራፏ አስሬ፣ እጄን ታጥቤ ንግሥ ደረስሁ። በነሐሴ ያ በረዶ ወረደ፤ አገሩን አጨደው፤ የእናትሽን ማሳ ግን ሳተው። ቄሶቹ በዓል የሻረውን ሲገዝቱ እኔም እዚያው ቆሜ ኸሕዝቡ ጋራ ‹አሜን› አልሁ። በራሴ ላይ፣ ልጄ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁ።»

«ታዲያ ዛሬ... ዛሬስ ለምን ዝም አሉ?»

«ልናገር ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።» ዘንጋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጅቷን ለልጄ የፈለግሁት ያን ቀን ልክስ ብዬ ነበር። አንቺ መናገር ትችያለሽ። አልከለክልሽም።»

ይህን ብለው ሄዱ። አልከለክልሽም ማለት እንዴት ያለ ግፍ እንደሆነ አምለሰት ሚኒባሱ ውስጥ ነው የገባት። ብትናገር ሠርጉ ይሆናል። ነገር ግን በበረዶው ዓመት ልጁን በረሃብ የቀበረ ሰው ሁሉ ከአያ ገነነ በር ይቆማል፤ ያን ማሳ ባያርሱ እሷ ዛሬ ኮምፒውተር ፊት አትቀመጥም። እናቷስ? ባንቺአየሁ ዐሥራ አምስት ዓመት በብቸኝነት የጸናችው ባሏ አንድ ቀን መጥቶ ስላረሰላት ነው። እንዴት ተብሎ «አንቺ፣ ያ ጎረቤትሽ ነው» ይባላል? አንዷን ለማዳን ሁለቱን መቅበር ሆነባት። ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ እህቷን መቅበሯን ታውቃለች።

ባምላኩ ከመስኮቱ ሆኖ ሁለቱ ሲነጋገሩ አይቷል። እስከ ፍኖተ ሰላም አንድ ቃል አልጠየቃትም።

በጥር ተስፋው ከሽንዲ ሌላ አገባ። ሠርክአዲስ አዴት ያለች አክስቷ ዘንድ ሄደች። ቀሚሱን ትታው ነው የሄደችው።

ባምላኩ የመጣው የካቲት ላይ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ጠፍቶ። ከስቷል። ከደብተሩ የተቀደደች አንዲት ቅጠል ይዟል።

«በሬውን ለወጥሁት» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ቀይ አደረግሁት። ቀንድ አልባ። የአዲስ አበባው ልጅ እንደገና እተርከዋለሁ ብሏል።»

አምለሰት ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ያ ዶሮ የጫረችው አመድ! ተስፋው ካገባ፣ ሠርክአዲስ ከሄደች በኋላ፣ ይህ ሰው ቁጭ ብሎ በሬ ቀብቷል። ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ባምላኩ አግዳሚው ላይ እንደ ድሮው ተቀመጠ፤ እንደ ድሮውም ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሣውም።

ያን ጊዜ ልትነግረው ፈለገች። ሦስት ወር ሙሉ ከእናቷ ጋር ስትበላ፣ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር አላስተኛትም። ማንም አላስተዋላትም፤ ማንም «ምን ሆነሽ?» አላላትም። እሱ ግን ያውቃል። ከመስኮቱ አይቷል።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አያ ገነነ...»

«አትንገሪኝ» አለ ባምላኩ።

ዘጠኝ ዓመት ስታውቀው፣ ጋኔንን ሳይቀር «ቀስ በል» ሲል ሰምታለች እንጂ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

«አትንገሪኝ፣ እባክሽ። ብትነግሪኝ እጽፈዋለሁ። ምዬም ቢሆን እጽፈዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከእሱ ወዲያ ባለው ጥግ አኖረው። ከዚያ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ሸጉጦ፣ ሱቁ እስኪዘጋ አብሯት ተቀመጠ። አምለሰት ይቅር አላለችውም፤ ነገር ግን ወደደችው፤ በመውደዷም ተናደደች። በዚያ አገር እንደ ባምላኩ የሚሰማ ሰው የለም፤ እሱም ለእሷ ሲል መስማቱን ተወ።